«ፖሊስ መንገድ ላይ ነው» የሚለው ስልክ

ላስ ቬጋስ ውስጥ እንግሊዝኛ ደህና ያነባል የተባለ ሐበሻ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የሰው ደብዳቤ አንባቢ ነው። እኔም አንዱ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ልጠጣ ስገባ ሁለት ሦስት ሰው ፖስታውን ይዞ ይጠብቀኛል። የሆስፒታል ቢል፣ የትራፊክ ቅጣት፣ ከልጅ ትምህርት ቤት የመጣ ማስታወቂያ፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ፤ እነዚህ በአደባባይ፣ ስኒው አጠገብ ተዘርግተው ይነበባሉ። የዕዳ ደብዳቤ ግን እንደዚያ አይነበብም። ባለቤቱ ሌላው ሰው እስኪነሳ ይጠብቅና «ጋሼ፣ አንዴ ውጭ ላናግርህ?» ይላል። መኪና ውስጥ ነው የሚያወጣው። አራት ቦታ ታጥፎ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ደብዳቤ የለውም፤ ያለው ስልክ ብቻ ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

ብድሩን ለማያውቀው ልንገር። «ፔይ ዴይ ሎን» ይባላል፤ ደመወዝ እስኪደርስ የሚያሻግር ብድር ማለት ነው። ሱቁ በየዋናው መንገድ አለ፤ ደማቅ ቀለም፣ ሌሊት የማይጠፋ መብራት፣ መስታወቱ ላይ «ጥሬ ገንዘብ አሁኑኑ» የሚል ጽሑፍ። መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ሒሳብ ካለህ ብዙ ሳትቆይ 500 ዶላር ይዘህ ትወጣለህ። በምላሹ ደመወዝህ የሚገባበት ቀን የተጻፈበት የ575 ዶላር ቼክ ትተህላቸው ትሄዳለህ፣ ወይም ከሒሳብህ ራሳቸው እንዲወስዱ ትፈርማለህ። ከመቶው 15 ዶላር፣ ለሁለት ሳምንት። ሲሰሙት ቀላል ነው። ወደ ዓመት ሲመነዘር ግን 390 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ከዚያ የሚመጣው ነው ጉዱ። 500 ዶላር አጥቶ የተበደረ ሰው ከ14 ቀን በኋላ የቤት ኪራዩን ከፍሎ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ 575 ዶላር ከአንድ ደመወዝ ላይ ከየት ይቆርሳል? ስለዚህ 75ቱን ብቻ ከፍሎ ያራዝማል፣ ወይም ሙሉውን ከፍሎ ከበሩ ሳይወጣ መልሶ ይበደራል። የአሜሪካ የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ከእነዚህ ብድሮች ከ80 በመቶ በላዩ በ14 ቀን ውስጥ የሚራዘሙ ወይም በሌላ ብድር የሚተኩ ናቸው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳወጣው፣ አማካዩ ተበዳሪ አንዷን የ375 ዶላር ብድር እያደሰ ከዓመቱ አምስት ወር ዕዳ ውስጥ ይቆያል፤ ለወለድና ለአገልግሎት ብቻ 520 ዶላር ይከፍላል። ዋናው ሳይነካ ማለት ነው።

ይኼ ሳይታሰብ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ቢሮው በዚያው በ2014 ኤስ ካሽ ኤክስፕረስ የተባለውን የቴክሳስ አበዳሪ 10 ሚሊዮን ዶላር ሲያስከፍለው፣ ከሠራተኞቹ ማሠልጠኛ መመሪያ ውስጥ አንድ ሥዕል አውጥቶ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ሥዕሉ ክብ ነው። ደንበኛው ይበደራል፤ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ መክፈል ያቅተዋል፤ ይደወልለታል፤ እንዲያራዝም ይጠየቃል፤ ቀስቱ ዞሮ መጀመሪያው ላይ ይገጥማል። ሥዕሉን ሳየው የገረመኝ ክፋቱ አይደለም፣ ማንም ሊደብቀው አለመሞከሩ ነው እንጂ።

አገር ቤት ይህንን አራጣ እንለዋለን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 የሰውን ችግር ተጠቅሞ አራጣ ማበደርን ያስቀጣል። እርግጥ ነው፣ አበዳሪው አልጠፋም። ግን ተደብቆ ነው የሚሠራው፤ ቼኩንም ውሉንም ሌላ ነገር አስመስሎ ያጽፋል። እዚህ ኔቫዳ ግን አራጣው ግብር ይከፍላል፤ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ያበድራል። ግዛቱ ለወለዱ ጣሪያ አላበጀለትም። ያለው ገደብ በመጠኑ ላይ ነው፦ ከምትጠብቀው የወር ገቢ ከሩቡ በላይ አያበድሩህም። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ በ36 በመቶ፣ ዋሽንግተን ዲሲ በ24 በመቶ ገድበውታል። የእነሱ ሐበሻ ሲቸግረው ኢንተርኔት ላይ ይበደራል እንጂ ሱቁን ደጁ ላይ አያገኘውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ አንባቢዬ ልናገር። መኪና ውስጥ ደብዳቤ ካወጡልኝ ሰዎች መካከል ገንዘቡን ለራሱ ቅንጦት የወሰደ ትዝ አይለኝም። ቁማር የለም አልልም፤ ከተማው የቁማር ከተማ ነው። እኔ ያየኋቸው ግን ታክሲ የሚነዱ፣ ሆቴል ክፍል የሚያነጥፉ፣ መኪና ማቆሚያ የሚሠሩ ናቸው፤ ብድሩን የወሰዱትም ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ በማግስቱ ነው። እናት ሆስፒታል ገብታለች፤ የወንድም ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ቀኑ ነገ ያበቃል፤ የአባት ተዝካር ደርሷል። «የለኝም» ማለት ያቅታል። «አሜሪካ ተቀምጦ 500 ዶላር አጣሁ ይላል» ከመባል ይልቅ 390 በመቶ ይቀልላል። ደረሰኝ ብላችሁ ያመሰገናችሁት ገንዘብ ያለፈበትን በር አታውቁትም፤ ላኪውም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ።

ከወራት በፊት አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ጠዋት ተደውሎለታል። ደዋዩ ራሱን ከሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ጋር የሚሠራ መርማሪ ነኝ ብሎ ነው ያስተዋወቀው። ከሁለት ዓመት በፊት በኢንተርኔት 400 ዶላር ወስደሃል፤ ከነወጪው 1,280 ደርሷል፤ እስከ ዛሬ ከሰዓት በስጦታ ካርድ ካልከፈልክ ፖሊስ ሥራ ቦታህ ይመጣል። የሚሠራበትን ድርጅት ስም ያውቃል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዝ ያውቃል።

«ወስደሃል እንዴ?» አልኩት።

«አንድ ማታ ፎርም ሞልቼ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት መሰለኝ… እንጃ ጋሼ፣ ወስጄ ይሆን እንዴ?»

ሰው ያልተበደረውን ተበድሬ ይሆናል እስኪል ድረስ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስልኩ ላይ የባንክ ሒሳቡን ከፍተን የዚያን ሰሞን ገቢ አንድ በአንድ አየን። የገባ 400 ዶላር የለም።

ታዲያ ሰውዬው ይህን ሁሉ ከየት አወቀ? ፎርሙ በቂ ነው። የካንሳሶቹን የቱከር ወንድማማቾች ጉዳይ ያነበበ ይገባዋል። ታላቅየው ስኮት ቱከር የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ በኢንተርኔት በሚሰጥ የደመወዝ ብድር ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አበድሯል፤ 300 ዶላር የወሰደ ሰው 390 ከፍሎ የሚጨርስ እየመሰለው 975 ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የ16 ዓመት ከ8 ወር እስራት ተፈረደበት። የታናሹ የጆኤል ሥራ ግን ይበልጥ ይደንቃል። እሱ የሸጠው ዕዳ ነው፤ ያውም የሌለ ዕዳ። ብድር የጠየቁ ሰዎችን ስም፣ ስልክ፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንደ ተበዳሪ ዝርዝር አድርጎ ለዕዳ ሰብሳቢዎች ቸበቸበው። አንዱ ዝርዝር ለብዙ ገዢ ተሸጧል። ስለዚህ አንድ ሰው ላልወሰደው ብድር ሦስት አራት ቦታ ሲጠየቅ ከረመ። ጆኤልም በ2020 የ12 ዓመት ከመንፈቅ ተፈርዶበታል። ዝርዝሩ ግን እንደ ተበተነ ላባ ነው፤ ማን ይሰበስበዋል? የእኛ ሾፌር ስም ከማን ዝርዝር እንደወጣ አላውቅም። ነገዱ አንድ ዓይነት ነው።

የእኛ ሰው ከሌላው ይልቅ በዚህ ስልክ የሚደነግጠው እንግሊዝኛ ስለሚያንሰው ብቻ አይመስለኝም። ዕዳና እስር በአእምሯችን ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ ነው። በድሮው ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ይሄዱ ነበር፤ ተበዳሪው ዋስ እስኪያገኝ ወይም እስኪከፍል አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛ ማለት ያ ነበር። ያኛው ቀረ እንበል። ደረቅ ቼክ ግን አልቀረም። በእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ገንዘብ ሳይኖር ሆን ብሎ ቼክ መስጠት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። በዚህ የታሰረ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው የመርካቶ ልጅ አለ? ታዲያ ያ ልጅ ቬጋስ መጥቶ ሱቁ ውስጥ የ575 ዶላር ቼክ ትቶ ከወጣ፣ ከዚያም ሒሳቡ ባዶ ከሆነ፣ «ፖሊስ መንገድ ላይ ነው» ሲባል ለምን አያምን?

እዚህ ግን ሕጉ ሌላ ነው። የደመወዝ ብድር አልከፈልክም ተብለህ አትታሰርም። አበዳሪው ቼኩን ሲቀበል በሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ቀኑን ወደፊት የሚያጽፈው። አልተታለለም። የኔቫዳ ሕግ አበዳሪዎች ብድር ለማስመለስ በወንጀል ክስ እንዳያስፈራሩ በግልጽ ይከለክላል። በተግባር ግን የሚጥስ አይጠፋም። ቴክሳስ ውስጥ አንዳንድ አበዳሪዎች የተበዳሪውን ቼክ ይዘው ወደ ታችኛው ዳኛ እየሄዱ የወንጀል አቤቱታ ሲያስገቡ ነበር፤ ቴክሳስ አፕልሲድ የተባለው የሕግ ተሟጋች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1,500 በላይ እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ቆጥሯል። በአገሩ ተወልዶ ያደገውም ሰው ደንግጦ ከፍሏል ማለት ነው።

ሾፌሩን «መልሰህ ደውልለት፣ ድምፁን ክፈተው» አልኩት። አንዱ አነሳ። ስሙን፣ የድርጅቱን ስም፣ አድራሻውንና መጀመሪያ ያበደረውን ኩባንያ ጠየቅሁት። ስም ሰጠ፤ አድራሻ ሲባል ግን ድምፁ ተቀየረ። ዕዳውን በጽሑፍ ላክልን አልኩት።

«ልከናል፤» አለ።

«ወደ የትኛው አድራሻ?»

ልጁ ከለቀቀ ሦስት ዓመት የሆነውን አፓርታማ አነበበልኝ። «እንግዲያው ወደ አሁኑ እንደገና ላኩ» ስለው፣ ጊዜ የለም፣ ፖሊሶቹ ተነስተዋል አለ። እኛም ቡና እየጠጣን ነው፤ ይምጡ፣ እንጠብቃቸዋለን አልኩት። ዘጋው። ፖሊሱም አልመጣም፤ ደብዳቤውም አልመጣም።

ወረቀት መጠየቅ ብልጠት አይደለም፤ መብት ነው። ከ1977 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ፣ ዕዳ ሰብሳቢ መጀመሪያ ካነጋገረህ በአምስት ቀን ውስጥ ስንት እንዳለብህና ለማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቅህ ያስገድዳል። አንተም በ30 ቀን ውስጥ «አላምንበትም» ብለህ በጽሑፍ ከመለስክ፣ ማስረጃ እስኪያቀርብ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይችልም። ለአለቃህ፣ ለጎረቤትህ፣ ለአጎትህ ልጅ ስለ ዕዳህ መንገር አይችልም። ፖሊስ ነኝ ወይም ከፍርድ ቤት ነኝ ማለት አይችልም። ከኅዳር 2021 ወዲህ ደግሞ ስለ አንድ ዕዳ በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ ከደወለ ሕግ እንደተላለፈ ይገመታል። «ከዚህ በኋላ እንዳትደውሉልኝ» ብለህ ብትጽፍለትም ማቆም አለበት፤ ዕዳው ግን በዚያ አይሰረዝም።

ይህ ሁሉ በዋናነት የሌላውን ዕዳ ለሚሰበስብ ሦስተኛ ወገን የወጣ ሕግ ነው። ስልኩን የደወለው ራሱ አበዳሪው ከሆነ የየግዛቱን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። የእኛ ግዛት እሱንም በአግባቡ ሰብስብ ይለዋል።

ስለ አሮጌ ዕዳም አንድ ነገር አለ። በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ዘመን ያለፈበትን ዕዳ ሰብሳቢው ሊከስህም፣ እከስሃለሁ ሊልህም አይችልም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? በለዘበ ድምፅ «እስቲ ለመልካም ፈቃድህ ምልክት 20 ዶላር ብቻ ክፈል» ይላል። በብዙ ግዛቶች ያቺ 20 ዶላር ሰዓቱን ከዜሮ ታስጀምረዋለች። የእኛ ሰው ጨዋ ነው፤ ስድቡን ይቋቋማል፣ ለስላሳው ድምፅ ነው የሚጥለው።

«ጋሼ፣ ስለዚህ አንክፈል ነው የምትለን?» ብሎ የጠየቀኝ አለ። አይደለም። የወሰዱት ገንዘብ ይከፈላል። ለማን፣ ስንት፣ በምን ወረቀት የሚለው ሳይታወቅ ግን አምስት ሣንቲም አይወጣም። ሌላም አለ፤ ስልኩን መናቅና የፍርድ ቤት ወረቀትን መናቅ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው አደገኛ ነው። በደንብ የደረሰህን መጥሪያ መሳቢያ ውስጥ ከከተትክ፣ ዕዳው የሐሰት ቢሆን እንኳ በሌለህበት ይፈረድብሃል። ከዚያ ደመወዝህ ይቆረጣል፤ የፌዴራሉ ሕግ ከተጣራ ደመወዝህ እስከ ሩብ ድረስ ይፈቅዳል። ዳኛ ቅረብ ብሎ አዝዞህ ከቀረህ ደግሞ በአንዳንድ ግዛት የመያዣ ትዕዛዝ ይወጣብሃል። ያኔ የምትታሰረው በዕዳው አይደለም፣ ዳኛውን በመናቅህ ነው፤ ለታሰረው ሰው ግን ልዩነቱ ብዙም አይጽናናውም። መጥሪያ ሲደርስ በዕለቱ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ነው መሮጥ።

ዕዳው እውነተኛ ሲሆን ምን ይደረጋል ለሚለው፣ ከሆቴል ክፍል አሠናጆቻችን አንዷ ያደረገችውን ልናገር። ብድሩን የወሰደችው ከሱቅ ነው፤ ስድስት ጊዜ አራዝማዋለች። በ75 ዶላር ሲባዛ 450 ዶላር ከፍላ 575ቱ እዚያው ነው። መጨረሻ ላይ አቃታትና ቀኑ አለፈ። ሒሳቧ ላይ እየደጋገሙ ሲሞክሩ ባንኳም ለየሙከራው ቅጣት ጣለባት። የመጣችው ያኔ ነው፤ ካለፈባት 11 ቀን ሆኗታል።

መጀመሪያ ወደ ባንክ ሄደች። ከሒሳቧ እንዲወስዱ የሰጠችውን ፈቃድ ማንሳቷን ለአበዳሪው ጻፈች፤ ለባንኩም ክፍያው እንዲታገድ አመለከተች። ይህ ከክፍያው ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሞ መደረግ አለበት። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄድን። የኔቫዳ ሕግ አበዳሪው ከመክሰሱ በፊት ቢያንስ የ90 ቀን የክፍያ ዕቅድ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፤ የመጀመሪያው ክፍያ ከጠቅላላው ከ20 በመቶ አይበልጥም፤ ለዕቅዱ ሲባል ተጨማሪ ወለድ አይታሰብም። ተበዳሪው ግን ካለፈበት ቀን አንስቶ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ስለ ዕቅዱ አልነገረቻትም፤ «ብታራዝሚው ይሻልሻል» ነው ያለቻት። «ጋሼ፣ እንደዚያ ይሻላል ትላለች» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሕጉን ጠቅሰን ስንጠይቅ ግን ልጅቱ ከመሳቢያ ውስጥ የታተመ ቅጽ አወጣች። ቅጹ እዚያው ነበር።

ሒሳቡ አምስት ጊዜ 115 ዶላር ወጣ። ፈርማ ቅጂውን ተቀበለች፤ ለመክፈል ስትሄድም ደረሰኙን አስመትታ ትይዛለች። እቁቧ ውስጥ ዕጣዋን ለማስቀደም ሰብሳቢዋን ልጠይቅ እንዴ ብላኝ ነበር። ጠይቂ አልኳት። እስካሁን አልጠየቀችም፤ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። «ለምን ፈለግሽው?» ይሏታል። ለጓደኞቿ ከመንገር ለማታውቃት የመስኮት ልጅ ስድስት ጊዜ 75 ዶላር መክፈልን መርጣ ከርማለች። ይኼን ነገር ሕግ አያስተካክለውም፤ እኔም ለእሷ መልስ አላገኘሁለትም።

ሁለቱን ክፍያ ጨርሳለች። ሦስተኛው የዛሬ ሳምንት ዓርብ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ወረቀቷን ስታሳየኝ ስልኳ ጠራ፤ ከአዲስ አበባ ነበር። አየችው፣ ገለበጠችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።